ጉም ውስጥ የተቀሰረ ጣት

ጉም ሲወርድ ሌላው ሰው እጁን ኪሱ ይከታል፤ እሷ ግን ታወጣለች። ክንዷን ዘርግታ፣ ጣቷን ቀስራ፣ ምንም ከማይታይበት ነጭ ባዶ ፊት ቆማ «እዛ ጋ ነው» ትላለች። «የተራራው ጫፍ እዛ ጋ። ከሥሩ ሐይቁ። ከሐይቁ ወዲህ ጥዱ።» እንግዶቹ የሚያዩት ጣቷን ብቻ ነው፤ ከጣቷ ወዲያ ዓለም ገና አልተፈጠረም። እሷ ግን የገዛ ሳሎኗን ዕቃ ዓይኗን ጨፍና እንደምትዳብስ ሴት ትናገራለች። «መሰለኝ» የምትባል ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ጉሙ ሲገፈፍ ተራራው ልክ ጣቷ ጫፍ ላይ ቆሞ ይገኛል። የከተማው ሰውም «እዛጋ» ብሎ ስም አወጣላት፤ የመዝገብ ስሟን አሁን የሚያስታውሱት እናቷና መታወቂያዋ ብቻ ናቸው።

አስጎብኚ ናት። ሙያውን ያወረሰቻት አክስቷ ስትሆን፣ ጣት መቀሰሩም የራሱ ዘዴ አለው። መንገዱ አልቆ አየሩ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ሰው እንዳይወድቅ የቆመ የብረት አጥር አለ። «የቀኝ ጫማሽን ከመጀመሪያው ቋሚ ብረት አስጠጊ» ትላት ነበር አክስቷ፤ «ደረትሽን ለአጥሩ ቀጥ አድርገሽ ስጪ። ክንድሽን ዘርጊ። የቀረው የተራራው ሥራ ነው።» የከተማዋ አስጎብኚዎች ሁሉ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ለእንግዳ ግን አይናገሩም። እንግዳው የዓይን ተአምር ይመስለዋል፣ እነሱም አያርሙትም።

ከተማዋ የምትኖረው በእንግዳ ነው፤ ወቅቶቿንም በሚታየው ነገር ነው የምትጠራቸው። የአበባው ወቅት አለ፤ በረዶ የለቀቀው ሜዳ በአንድ ሳምንት ቢጫና ሐምራዊ ሆኖ ሲነሳ፣ ሰው መርገጫ አጥቶ እንደ ሌባ በእግሩ ጣት ይራመዳል። የሐይቁ ወቅት ይከተላል፤ ጀልባው፣ የልጆች ጩኸት፣ በፀሐይ የተላጠ አፍንጫ። ከዚያ የቅጠሉ ወቅት ነው፤ ተራራው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይቀላል፣ ማታ ግማሹን አይተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ከመስኮታቸው ሥር ያገኙታል። በመጨረሻም በረዶው ይመጣል፤ ዝምታውን ለመስማት ብቻ ብዙ መንገድ የሚመጣለት በረዶ።

ጉም በየወቅቱ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ በቅጠሉና በበረዶው መካከል ግን ከጉም ሌላ ምንም የለም። ለጉሙ ወቅት እንግዳ አይመጣም። የሱቆቹ መዝጊያ ይወርዳል፣ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ይገለበጣሉ፣ ጎዳናው ላይ ሁለት ሰው ሳይተያይ ተጋጭቶ «ይቅርታ» ሲባባል ይውላል። የእዛጋ ባልም ሻንጣውን ይሸከማል።

ባሏ የታላቅ እህቱ ማረፊያ ቤት ምግብ አብሳይ ነው። ማረፊያው ሲዘጋ ምድጃው ይጠፋል፣ እሱም ቆላ ወርዶ እስከ በረዶው ድረስ ለፋብሪካ ሠራተኞች ያበስላል። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ልጃቸው ያለ ድጋፍ የቆመችው በጉም ወቅት ነበር፤ አባቷ በስልክ ሰማ። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀውም በጉም ወቅት ነበር፤ ያንንም በስልክ ሰማ። በረዶው መጥቶ አባቷ ሲመለስ ልጅቷ አንድ ቀን ሙሉ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ታየዋለች፤ ያንን ቀን ነው እዛጋ የማትወደው።

ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። ፋብሪካው «ዓመቱን ሙሉ እንፈልግሃለን» ብሎ ላከበት። የማረፊያው ባለቤት ወንድሟንም ሚስቱንም ወጥ ቤቱ ውስጥ አስቀምጣ ነገሩን ቁርጥ አደረገችው። ወፍራም፣ እጀ ፈጣን፣ ቃሏ የማይታጠፍ ሴት ናት።

«ባዶ ቤት ማሞቅ ሰለቸኝ» አለች። «በጉሙ ሰው የሚያመጣልኝ ካለ ምድጃዬን አላጠፋም፣ ወንድሜም እዚሁ ይከርማል። ከሌለ እዘጋለሁ። ያኔ ፋብሪካው ሲወስደው ቀሚሱን ይዤ አልጎትትም።»

«ቀሚስ አልለብስም፣ እትዬ» አለ ባልየው ሽንኩርቱን እየከተፈ።

«ሽርጥህን ነው ያልኩት። አንተ ደግሞ ነገር ታጠባለህ።»

እዛጋ ሽንኩርቱን ስታይ ቆየችና «ሰው አመጣለሁ» አለች።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት። ተነስታ ጉም ፊት እንደምትቆመው ነበር የቆመችው።

በማግሥቱ ቆላ ከተማ ላለችው የጉዞ ወኪል ደወለች። በየወቅቱ ወደ ተራራው ሰው ጭና የምትልከው እሷ ናት፤ ከአንድ ጉዞ በስተቀር ራሷ መጥታ አታውቅም። «በጉሙ ምን የሚታይ አለ?» ብላ ጠየቀች ወኪሏ።

«ምንም» አለች እዛጋ። «ለዚህ ነው ይምጡ የምልዎት። በሌላው ወቅት ሰው ዓይኑን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ጆሮውን፣ አፍንጫውን፣ ቆዳውን ቤቱ ትቶ። በጉሙ ሁሉንም ይዞ መምጣት አለበት።»

ከስልኩ ወዲያ ሳቅ ተሰማ። «እሺ፣ ራሴ መጥቼ አየዋለሁ። እናቴን ግን አደራ የምሰጠው ሰው የለኝም። አብራኝ ትመጣለች፤ ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ይቅርታው ለምን እንደሆነ እዛጋ የገባት ሚኒባሱ ማረፊያው ደጅ ላይ በቆመ ቀን ነው።

ሚኒባሱን የሚነዳው «ዝምታ» የሚሉት ሾፌር ነበር። ዝምታ የተባለው ከእንቅልፉ ነቅቶ እስኪተኛ ዝም ስለማይል ነው፤ ስለ ጎማ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ አማቱ ጥርስ፣ ስለ አማቱ የጥርስ ሐኪም ሲያወራ ተራራው ያልቃል። የዚያን ዕለትም ከሰዓት በኋላ እንግዶቹን ሲመልስ የእዛጋን ባል አብሮ ሊወስድ ተቀጣጥሯል። ሻንጣው ከበሩ ኋላ ቆሟል። ምግብ አብሳይ ሌላውን ሁሉ ትቶ ቢሄድ ቢላዎቹን አይተውም፤ እነሱም በጨርቅ ተጠቅልለው ሻንጣው ውስጥ ገብተዋል። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባዶአቸውን የቀሩትን ምስማሮች እዛጋ ጠዋት አይታ ፊቷን አዙራለች።

ወኪሏ ቀጭን፣ ሥርዓተኛ፣ ጫማዋን ለጭቃ ያዘጋጀች ሴት ናት። ከኋላዋ እናቷ በምርኩዝና በወፍራም መነጽር ወረዱ።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለች እዛጋ።

«ደህናነቱን ስመለስ ነው የማውቀው» አሉ እማማ። «ምንድን ነው ይሄ? ጭስ ነው?»

«ጉም ነው፣ እማዬ» አለች ልጃቸው።

«ጭስ ነው።»

ዝምታ ከመሪው ሆኖ ለእዛጋ በዓይኑ ጠቀሳት። መንገዱን ሙሉ ከእሱ በላይ የሚናገር ሰው ገጥሞት ማረፉ ነበር።

እዛጋ መጀመሪያ የወሰደቻቸው ወደ ጥዱ ጫካ ነው። በጉሙ ወቅት እዚያ ከሰማይ ዝናብ ሳይወርድ ከዛፍ ዝናብ ይወርዳል። ጉሙ በቅጠሎቹ መርፌ ላይ እያንዳንዱን ጠብታ ሰክቶ ያልፋል፤ ንፋስ እፍ ሲል ጫካው አንድ ጊዜ ይራገፋል። ከጫካው ውጭ ደረቅ ነው፤ ሦስት እርምጃ ሲገቡ ዝናብ፣ ሦስት እርምጃ ሲወጡ ደረቅ። ወኪሏ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች፤ ባርኔጣዋን አውልቃ ግንባሯን አስመታች። ትልቅ ሴት ናት፤ ማንም እንዳላያት አረጋግጣ ነው ያደረገችው።

«ዛፉ ያፈሳል» አሉ እማማ።

ቀጥሎ ወደ ፏፏቴው ሄዱ። በሌላው ወቅት እንግዳው ፏፏቴውን ከሩቅ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሳይሰማው ይመለሳል። አሁን ግን አይታይም። እየቀረቡ ሲሄዱ መጀመሪያ እግር ሥር ያለችው መሬት ትንቀጠቀጣለች፣ ቀጥሎ ደረት፣ ከዚያ ድምፁ ከግራም ከቀኝም ከላይም ይመጣል፤ ሰው አንድ ትልቅ ደወል ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። እዛጋ እዚህ ቦታ አትናገርም። እማማ ግን ጮክ ብለው «ቧንቧው ይዘጋ!» አሉ። ወኪሏ ዓይኗን ከደነች፤ ለጸሎት ይሁን ለትዕግሥት እዛጋ አላወቀችም።

ፍል ውሃው ዘንድ እንፋሎቱና ጉሙ ተቀላቅለው የቱ ከመሬት እንደወጣ የቱ ከሰማይ እንደወረደ አይለይም። ሁለቱ ሴቶች እግራቸውን ነከሩ። ወኪሏ ለስላሳ ፊት ማሳየት ጀምራ ነበር። እማማ ግን «ይሞቃል» አሉ ቅር ብሏቸው፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አይሞቅም»።

«እናትዎ ምን ቢያዩ ደስ ይላቸዋል?» አለች እዛጋ ቀስ ብላ።

«እኔም ሳጠና ነው የኖርኩት» አለች ወኪሏ። «የሰው ሁሉ የጉዞ ጣዕም ይገባኛል፤ ሥራዬ ነው። የእሷ ብቻ አልገባኝም። ባለፈው የሐይቁ ወቅት ወደ እናንተ ሐይቅ አምጥቻት ነበር። ዳር ቆማ አይታ አይታ ምን አለች መሰለሽ? ‹እርጥብ ነው›።»

እዛጋ ሳቀች፤ ሆዷ ግን አልሳቀም። ወኪሏ ጨዋ ናት፣ ሁሉንም «ጥሩ ነው» እያለች ታልፋለች። «ጥሩ ነው» ማለት ምን እንደሆነ አስጎብኚ ያውቃል። የእንግዳው ልብ አይከፈትም፣ ጨርሶም አይዘጋም፣ እሱም አመስግኖ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ሻንጣ ሚኒባሱ ላይ ይጫናል።

የቀራት አፋፉ ብቻ ነበር። እሱ አሳፍሯት አያውቅም።

ዝምታ እስከ መንገዱ መጨረሻ አድርሷቸው እሱም ወረደ። ጉሙ እዚያ ከሁሉም ቦታ ይወፍራል፤ የሰው ክንድ ሲዘረጋ የራሱ እጅ የሌላ ሰው ይመስላል። የብረት አጥሩ አዲስ ቀለም ሸተተ። ዝምታ ሥራ ሲፈታ ብየዳም ቀለም ቅብም ስለሚሞክር እዛጋን አላስገረማትም፤ ከቅጠሉ ወቅት ወዲህ ወደዚህ አልወጣችም ነበር። የመጀመሪያውን ቋሚ ብረት በእጇ ዳብሳ አገኘች። ቀኝ ጫማዋን አስጠጋች። ደረቷን ለአጥሩ ቀጥ አድርጋ ሰጠች። ክንዷን ዘረጋች።

«የተራራው ጫፍ እዛ ጋ ነው» አለች። ድምፅዋ ከድንጋይ የተጠረበ ይመስል ነበር። «ነጭ ነው፤ እንደ ጎበጠ ትከሻ ነው። ጉሙ እዚህ እየተነፈሰ ስለሚሄድ ትንሽ ከጠበቅን ይከፈትልናል።»

እማማ ወደ ጣቷ አዩ፣ ወደ ነጩ አዩ። ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ግራ ጠቆሙ። «እዛ ጋ አይደለም። እዚህ ጋ ነው።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ! አስጎብኚዋ እኮ ናት!»

«ብትሆንስ? እሷ እዚያ ካለች እኔ እዚህ ብያለሁ። ተራራ የሷ ብቻ ነው?»

«ይጠቁሙ፣ እማማ» አለች እዛጋ በፈገግታ። «ተራራው ራሱ ይፈርዳል።»

ሁለቱም ክንዳቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። ዝምታ እንኳ ዝም አለ። ጉሙ እየተነፈሰ ነበር፤ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ይወፍራል። ድንገት የተኛ ሰው በአንድ ወገን ብርድ ልብሱን ሲገፍፍ እንደሚሆነው፣ ነጩ ነገር ከጎን ተጠቀለለና አንድ ትከሻ ታየ። ግዙፍ፣ በፀሐይ የበራ፣ አሁን ከእንቅልፉ የነቃ ትከሻ። ሲጠብቁት ከነበረው በላይ ከፍ ብሎ፣ አንገትን ወደ ኋላ በሚያስጥል ቦታ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ሐይቁ እንደ ተከፈተ ዓይን አያቸው።

ተራራው የቆመው በእማማ ምርኩዝ ጫፍ ላይ ነበር።

በእዛጋ ጣት ጫፍ ላይ ደግሞ፣ በማዶው ራቁት ተዳፋት መሀል፣ የመንገድ ሠራተኞች ሠርተው የተዉት የቆርቆሮ መጸዳጃ ቤት ቆሟል። በሩ ገርበብ ብሏል።

እማማ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንዴ ተራራውን፣ አንዴ ቆርቆሮውን አዩና «ጎበጠ ያልሽው ያንን ነው?» አሉ።

እዛጋ ጆሮዋ ጋለ። ሻንጣው ትዝ አላት፣ ምስማሮቹ ትዝ አሏት። ነገር ግን ክንዷን አላወረደችም። እንደዘረጋችው ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው፤ ከመጸዳጃ ቤቱ አለፈች፣ ከተዳፋቱ አለፈች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ተራራው ከቦታው አልተነሳም» አለች። «የዞርኩት እኔ ነኝ። እማማ አሸንፈውኛል።»

ከዚያ ወደ እግሯ ሥር አየች፤ ያለ ጉም አጥሩ ተገለጠላት። ከአፋፉ ርቆ፣ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ከመንገዱ ጎን ጎን ሆኖ አዲስ ተተክሏል። ዞር ብላ ዝምታን አየችው።

«አፈሩ እየተናደ ነበራ» አለ ዝምታ። «ሰው እንዳይገባ ብዬ ወደ ውስጥ ሳብኩት። አልነገርኩሽም እንዴ?»

«ስለ አማትህ ጥርስ ነግረኸኛል» አለች እዛጋ። «ስለ ጥርስ ሐኪሙ ነግረኸኛል። ስለ አጥሩ አልነገርከኝም።»

የሳቁ ድምፅ ከየት እንደመጣ መጀመሪያ አላወቁም። እማማ ነበሩ። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መነጽራቸው እስኪደበዝዝ ይስቁ ነበር። «መጸዳጃ ቤት!» ይላሉ፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተራራውን ያዩና እንደገና «መጸዳጃ ቤት!»። ወኪሏ እናቷን ትክ ብላ ታያለች። ተራራው ያን ያህል ተገልጦ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

ጉሙ ተመልሶ ተከደነ። ዝምታ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አሉ እማማ። «ይደገም። አሁን አዙሩኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ልዙርና ልጠቁም። አንቺም ነይ፣ ያቺ መንገደኛ ላኪ። ዓለምን ሁሉ የምታሳይ እስቲ አንድ ተራራ ታሳየን።»

«እማዬ፣ ይበርድሻል።»

«አይበርደኝም።» ይኼኛውን ያሉት ለመቃወም ይሁን ከልባቸው ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ወኪሏ ዓይኗን ጨፍና ዞረች፣ ጣቷን ቀሰረች። እዛጋም ቋሚ ብረቱን ትታ ዞረች፤ ጫማዋ የሚደገፍበት አጥታ ቆማ አታውቅም ነበር፣ እንደ ጀማሪ እግሯን አንፈራጣ ቆመች፤ ደስም አላት። ዝምታ ሳይቀር ጠቆመ። አራት ሰው በአራት አቅጣጫ እጁን ዘርግቶ ነጭ ውስጥ ቆሞ፣ እየተሰዳደበ፣ ተራራ ይጠብቅ ነበር። ተራራን ሰው አይቶት ይሆናል፤ እንዲህ የጠበቀው ግን ጥቂት ነው። ሲገለጥ የወኪሏ ጣት የዝምታ ሚኒባስ ላይ አርፎ ተገኘ። እማማ በምርኩዛቸው ትከሻዋን ነካ አደረጓት። «ከዚህ በኋላ ሰው ወዴት እንደምትልኪ እኔን ጠይቂ» አሉ።

ማረፊያው ሲደርሱ ሾርባው እያጨሰ ነበር። ባልየው ሽርጡን እንዳደረገ በሩ ላይ ቆሞ የእዛጋን ፊት ለማንበብ ሞከረ፤ ዝምታ ግን ቀድሞት ገብቶ ነገሩን ከነመጸዳጃ ቤቱ በር አወራው። የባልየው እህት ዳቦ ስትቆርጥ ቢላው እጇ ላይ ቀረ።

ወኪሏ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እውነቱን ልንገራችሁ» አለች። «የመጣሁት እምቢ ለማለት ነው። ሰው ፎቶ ይፈልጋል፣ ጉም ፎቶ አይሆንም ብዬ። ጫካውም ፏፏቴውም ጥሩ ነው፤ ጥሩ ነገር ግን በየቦታው አለኝ። እናቴ ‹ይደገም› ያለችበት ቦታ ግን የለኝም።» እማማ ሰምተው እንዳልሰሙ ሾርባቸውን ይነፋሉ። «ሰው እልካለሁ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ፣ እስከ በረዶው ድረስ። ሙሉ መኪና አይሆንም፤ ይህንን ቃል አልገባም።»

«ምድጃው ለጥቂት ሰውም ለብዙ ሰውም ያው እንጨት ነው የሚበላው» አለች የማረፊያው ባለቤት። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ ተነስታ ሁለት ግንድ ጨመረች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ወኪሏ ወደ እዛጋ ዞራ። «አጥሩን እንዳትመልሱት። ምልክትም እንዳታደርጊበት። ሰው ሁሉ እንደኛ ይሳሳት።»

«እኔም እሳሳታለሁ ማለት ነው?»

«አንቺማ በተለይ።»

እዛጋ አሰበችበት። አክስቷ ትዝ አለቻት፤ ያ ጫማ፣ ያ ደረት፣ ያ ክንድ። «እሺ» አለች።

ዝምታ ከደጅ ጡሩምባውን ነፋ። «ሰውዬው፣ ትወርዳለህ ወይስ አትወርድም?»

ባልየው ከበሩ ኋላ ሄደ። ሻንጣውን አንስቶ ብቅ ሲል እዛጋ ከወንበሯ ተነሳች፤ እሱ ግን ወደ ደጅ ሳይወጣ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። የተጠቀለለውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ሲፈታ ተሰማ፤ ቢላዎቹ አንድ በአንድ ወደየምስማራቸው ሲመለሱ ደግሞ እንደ ትንንሽ ደወል።

«ሾርባው ጨው አንሶታል» አሉ እማማ ከአዳራሹ። ሁለተኛ ሳህን እንዲሞላላቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ነበር።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እዛጋ፣ ባሏና ልጃቸው ሦስቱም አፋፉ ላይ ወጡ። ባልየው በጉም ወቅት እዚያ ቆሞ አያውቅም። አጥሩን አልተጠጉም፤ መሀል መንገዱ ላይ ቆሙ፣ ዞሩ፣ ጠቆሙ። እሱ የጠቆመው ወደ ሐይቁ ሳይሆን አልቀረም። ልጅቷ ደግሞ አባቷ እጅ ላይ ተንጠልጥላ፣ ነፃውን እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ ሰማይ ቀሰረች።

«ላይ ነው» አለች። «ተራራ አይደል?»

እዛጋ ሁለቱንም አየች፣ የራሷንም ጣት አየች። አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይገጥሙም። ጉሙ አልቸኮለም፤ ቢላዎቹ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ሦስቱም አልቸኮሉም።